ያልተተረጎመችው ዐረፍተ ነገር

የተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት እናቴ ካኮረፈችኝ በአሥረኛው ቀን ነው። ስልኬን አታነሣም፤ ቤቷ ስሄድ «ግቢና ብዪ» ትለኛለች እንጂ ዓይኔን አታይም። አክስቴ በበኩሏ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ እየደወለች «የመናፍቅ ፊልም አምጥታ እናቷን ልትገድላት ነበር» ብላ አውርታለች። ዕድሜዬ አርባ ሦስት ነው፤ ልጄን ብቻዬን አሳድጌ ለዩኒቨርሲቲ አብቅቻለሁ፤ ዛሬ እንደ ሕፃን ልጅ የምቀጣበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ግን ሊገባኝ አልቻለም። ፊልም ከማሳየት በቀር ምን አጠፋሁ?

ታናሽ እህቴ ልጇን ይዛ ከባሏ ቤት ወጥታ እናቴ ዘንድ ከገባች ሦስት ሳምንት ገደማ ሆኗታል። ቤቱ እንደ ልቅሶ ቤት ጭር ብሎ ስለ ነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አክስቴም ባለችበት ቡና ተፈልቶ አብረን አንድ ነገር ብናይ ይሻላል ብዬ፣ ልጄ ያወረደውን ፊልም ይዤ ሄድሁ። «ዊመን ቶኪንግ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «የሚነጋገሩ ሴቶች» እንደ ማለት ነው። ካናዳዊቷ ሳራ ፖሊ እ.ኤ.አ. በ2022 የሠራችው ነው። ታሪኩ ከዓለም ተነጥለው በእርሻ ስለሚኖሩ ሃይማኖተኛ ሰዎች ነው። የማኅበሩ ወንዶች በከብት ማደንዘዣ ሴቶቹንና ሕፃናቱን እያፈዘዙ በሌሊት ሲደፍሯቸው ኖረው ይያዛሉ፤ ሹማምንቶቻቸው ግን ሴቶቹን «በሁለት ቀን ውስጥ ይቅር በሉ፤ እምቢ ካላችሁ ከመካከላችን ትወጣላችሁ፤ መንግሥተ ሰማያትም የላችሁ» ይሏቸዋል። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ በድርቆሽ ጎተራ ተሰብስበው ምን እናድርግ ብለው ይመክራሉ። ሴት ስትደፈር የሚያሳይ አንድም ትዕይንት የለበትም፤ ከእናቴ ጋር ለማየት የደፈርሁትም ስለዚህ ነው።

እናቴ እንግሊዝኛ ስለማታውቅ አጠገቧ ተቀምጬ እየተረጎምሁላት ነበር። መጀመሪያ ላይ በጣም ወዳው ነበር። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ሸፍነው፣ አንዷ የሌላዋን እግር ስታጥብ፣ መዝሙር ሲዘምሩ ባየች ቁጥር «ምስኪኖች፤ ደጎች ናቸው እኮ» እያለች በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ትጠርግ ነበር። ከዚያ ግሬታ የምትባለው አሮጊት፣ ወደሚደበድባት ባሏ ደጋግማ እንድትመለስ ስለ መከረቻት ልጇን ማሪቼን ይቅርታ የምትጠይቅበት ቦታ ላይ ደረስን። እናቴ ድንገት ብድግ ብላ ወጥ ቤት ገባች፤ አቦሉ ተጠጥቶ ሳያልቅ ሌላ ጀበና ጣደች። ልብ ይበሉ፣ እዚያች ቦታ ላይ ያለውን ንግግር እኔ አልተረጎምሁላትም፤ ጉሮሮዬን አንድ ነገር ስለ ያዘኝ ዝም አልሁ። ስለዚህ ምን ሰምታ እንደ ተቆጣች ለማንም ሰው ግልጽ አይደለም። ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ ተመልሳ አልተቀመጠችም።

ማታ ልሰናበታት ስል ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ «ይቺን ልጅ ልታስኮበልዪ ነው ያመጣሽው። እኔም ተመልሻለሁ፤ አልሞትሁም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የተናገረችኝ ነገር የለም። እንዲህ ያለ ጭካኔ ከእናቴ አፍ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። የእኔንም ነገር የረሳችው መሰለኝ። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ከባሌ ቤት ሁለት ጊዜ ሸሽቼ መጥቼ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌ ሰብስባ፣ ፀጉሬን ቅቤ ቀብታ፣ አዲስ ነጠላ አልብሳ፣ እጄን ይዛ መለሰችኝ። በሦስተኛው ጊዜ ወደ እርሷ አልሄድሁም፤ ልጄን አዝዬ ጓደኛዬ ዘንድ አደርሁና በማግሥቱ ፍርድ ቤት ሄድሁ። እናቴ ይህን ነገር አንድም ቀን አንሥታው አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

የእህቴ ባል በአጥቢያቸው ሰበካ ጉባኤ የሚያገለግል፣ ሰው ተነሥቶ የሚቀበለው ሰው ነው፤ የተጋቡትም በሥጋ ወደሙ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እህቴ አንድ ሌሊት እያለቀሰች ደውላልኝ ነበር። ልጁ ገና ጡት አልጣለም ነበርና «ለልጁ ስትዪ ትንሽ ታገሺ» ብያት አለፈ፤ በዚያን ሰዓት ሌላ ምን ይባላል? አሁን ደኅና ናት። በቀደም ግራ ጆሮዬ ውስጥ ይጮኽብኛል አለች እንጂ ሌላ ችግር የለባትም፤ ጉንፋን ሳይሆን አይቀርም።

እኔን ያንገበገበኝ የእናቴ ነገር ነው። ለንስሐ አባታችን ሄዳ ከስሳኛለች። እርሳቸውም ጠርተውኝ «ቤተ ክርስቲያንን የሚያሰድብ ነገር ይዘሽ ወደ ምእመናን ቤት አትግቢ» ካሉኝ በኋላ፣ እህቴ ካልታረቀች እንደማያቆርቧት ነገሩኝ። አክስቴ ደግሞ «የራስሽ ትዳር ስለ ፈረሰ የሰው ትዳር መቆሙ ያምሻል» አለችኝ። ይህን ሁሉ የሰማሁት መቶ አራት ደቂቃ ሙሉ አፌ እስኪደርቅ ስለ ተረጎምሁ ነው።

የፊታችን እሑድ ሽማግሌዎቹ እናቴ ቤት ይመጣሉ። እናቴ በአክስቴ በኩል «በዚያን ቀን አፏን ብትከፍት እናቷ አይደለሁም» ብላ ልካብኛለች። ልሂድ ወይስ ልቅር? እውነቱን ለመናገር ግን ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ አይደለም። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ የልብ መድኃኒት ትወስዳለች። ያቺ የፊልም አሮጊት ያለቻትን ሳትለኝ ብትሞትብኝ ምን እሆናለሁ? ሳልጠየቅ ይቅር ልላት ይገባኛልን?

ፊልም ያሳየችው ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እኅቴ፤ ዕድሜዬ ከአንቺ ይልቅ ለእናትሽ ስለሚቀርብ አንቺ እያልሁ ብጽፍልሽ አትቀየሚኝ።

በዚያች ቦታ ላይ ጉሮሮሽን የያዘው የእናትሽ በደል አይደለም፤ የራስሽ ነው። ሰው የሌላውን ጥፋት ሲተረጉም ጉሮሮው አይዘጋበትም፤ እንዲያውም ድምፁ ከፍ ይላል። የግሬታን ቃል በአማርኛ ልትዪው አፍሽን ስትከፍቺ እዚያው ክፍል ውስጥ እህትሽ ተቀምጣ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት በሌሊት የደወለችልሽ፣ «ትንሽ ታገሺ» ያልሻት እህትሽ። ዐረፍተ ነገሩን ጮክ ብለሽ ብትዪው ኖሮ የሚወጣው በአንቺ ድምፅ፣ የምትሰማውም እርሷ ነበረች። ስለዚህ ዝም አልሽ፤ ዝምታሽንም በደብዳቤሽ ውስጥ «ልብ ይበሉ» ብለሽ ለራስሽ ጠበቃ አደረግሽው።

«በዚያን ሰዓት ሌላ ምን ይባላል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ከአንቺ የተሻለ የሚያውቀው ሰው የለም። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት፣ ቅቤው ከፀጉርሽ ወደ አንገትሽ እየወረደ በእናትሽ እጅ ተይዘሽ ስትመለሺ፣ ከአፋቸው ልትሰሚው የጓጓሽለትና ያጣሽው ቃል ምን ነበር? «ነዪ፤ በሬ ክፍት ነው» የሚለው አልነበረምን? ያን ቃል ለእህትሽ ለማለት በዚያች ሌሊት ስልኩ በእጅሽ ነበር። ይህን የምልሽ ልጨክንብሽ ፈልጌ አይደለም። እናትሽን አሥር ቀን ሙሉ ስትከስሺያቸው የኖርሽበትን ወንጀል ባነሰ መጠን አንቺም ፈጽመሽዋል፤ ይህን ካላወቅሽ እሑድ ዕለት እዚያ ቤት ገብተሽ የምትናገሪው ሁሉ ለእህትሽ ሳይሆን ለራስሽ የቆየ ቂም ይሆናል።

ደግሞ «አብረን አንድ ነገር ብናይ ይሻላል ብዬ» ያልሽውን አላመንሁሽም። ሠርግና ቀልድ የሞላባቸው ስንት ፊልሞች እያሉ እናት ልጇን ይቅርታ የምትጠይቅበትን ፊልም መርጠሽ፣ አክስትሽን ለምስክርነት አስቀምጠሽ፣ ቡና አስፈልተሽ አሳየሽ። ይህ የቡና ጨዋታ አይደለም፤ መጥሪያ ሳይደርሳቸው እናትሽን ችሎት ማቆም ነው። በዚህ በእውነት አዝኜብሻለሁ። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሴት፣ በገዛ ቤታቸው፣ በእኅታቸው ፊት!

እናትሽ ግን ፍርዱን ያለ አስተርጓሚ ሰምተውታል። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ አንቺም አልተናገርሽም፤ ታዲያ ምን አስነሣቸው? አሮጊት እናት በልጇ ፊት አንገቷን ስትደፋ ምን እያለች እንደ ሆነ ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። ለዚህ ነው አቦሉ ሳያልቅ ሌላ ጀበና የጣዱት። ማታ ደግሞ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው «እኔም ተመልሻለሁ፤ አልሞትሁም» አሉሽ። አንቺ ይህን ጭካኔ ብለሽ ጻፍሽልኝ። እስቲ ቃሉን ደግመሽ አንብቢው። እናትሽም እንደ አንቺ ሸሽተው ተመልሰው እንደ ነበር በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መናገራቸው ነው። ማን እንደ መታቸው፣ ስንት ጊዜ እንደ ሸሹ፣ ማን እንደ መለሳቸው አልጠየቅሻቸውም። ተቀይመሽ ወጣሽ። ስትጠብቂው የኖርሽው በር በስንጥቅ ያህል ተከፍቶ ነበር፤ አንቺ ግን ሲዘጋ ብቻ ነው ያየሽው።

አክስትሽ «የመናፍቅ ፊልም» ስላሉት አንድ ነገር ላንሣ፤ ከዚህ ስም ጀርባ «የፈረንጅ ጉድ ነው፤ እኛን አይመለከትም» የሚል መሸሸጊያ አለና። ፊልሙ አገሩን አይጠራም። መነሻው ሚርያም ቴቭስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችው ልብ ወለድ ነው፤ ጸሐፊዋ ራሷ በካናዳ፣ ሜኖናይት በሚባሉ ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ከተማ ተወልዳ ያደገች ናት። ሜኖናይቶች ለእኛም አገር እንግዳ አይደሉም፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ሚሲዮናውያኖቻቸው ናዝሬት ላይ ሆስፒታል ከፍተው ሕዝብ አክመዋል፤ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ከእነርሱ አገልግሎት የተገኘች ናት። ልብ ወለዱ የተነሣበት ነገር የደረሰው ግን በሌላው ቅርንጫፋቸው፣ ዘመናዊውን ዓለም ሸሽተው ከአገር ወደ አገር ሲሰደዱ ቆይተው በቦሊቪያ በሰፈሩት ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 ድረስ ማኒቶባ በተባለው ሰፈራቸው ከመቶ የሚበልጡ ሴቶችና ልጃገረዶች ተደፍረዋል፤ ትንሿ የሦስት ዓመት ሕፃን፣ ትልቋ የስድሳ አምስት ዓመት አሮጊት ነበረች። ጧት ራሳቸውን እያመማቸው፣ አንሶላቸው በደም ተነክሮ ሲነቁ የተሰጣቸው መልስ የሰይጣን ሥራ ነው፣ አለዚያም የሴት ቅዠት ነው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ፍርድ ቤቱ ሰባቱን ሰዎች በሃያ አምስት ዓመት እስራት፣ ማደንዘዣውን ያቀረበውን የእንስሳት ሐኪም በአሥራ ሁለት ዓመት እስራት ቀጣ። ሰይጣኑ የእህት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ በአንድ ጸሎት ቤት አብሮ የሚዘምር ሰው ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝን ልንገርሽ። እነዚያ ሴቶች የሚናገሩት ዘራቸው ከአውሮፓ ይዞት የመጣውን የጀርመንኛ ዘዬ ብቻ ነው፤ የአገሩን ቋንቋ ስፓኒሽን አያውቁም። ለፖሊስም ሆነ ለዳኛ የደረሰባቸውን ለመንገር በመካከል የሚቆም አስተርጓሚ ያስፈልጋቸው ነበር። ፊልሙ ውስጥ እንኳ ማንበብና መጻፍ ስላልተማሩ የሚመርጡትን ሐሳብ በሥዕል እየለዩ ነው ምልክት የሚያደርጉት፤ ቃለ ጉባኤያቸውን የሚይዝላቸው ኦገስት የተባለ አንድ የዋህ መምህር ነው። የተበደለ ሰው ቃል በአስተርጓሚ አፍ ላይ ሲቀር ምን እንደሚሆን ከማንም ይልቅ አንቺ አሁን ታውቂዋለሽ።

ሴቶቹ ጋሪ ጭነው የሚወጡበትን የፊልሙን መጨረሻ ደግሞ እንደ ካርታ አትያዢው። በእውነተኛው ታሪክ አብዛኞቹ ሴቶች ጋሪ ጭነው አልወጡም፤ እዚያው ቀሩ። ዓመታት ካለፉ በኋላም አንዳንድ የማኅበሩ ሰዎች የታሰሩት እንዲፈቱ ሲወተውቱ ነበር። ጎተራው ውስጥ የተደረገው ምክክር ደራሲዋ ብትመኘው የፈጠረችው ነው። ግን ከምኞቱ ውስጥ ለእሑድ የሚሆንሽ አንድ ነገር አለ፦ እነዚያ ሴቶች መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ተጠያየቁ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። እናትሽ ይናገራሉ፣ አክስትሽ ይናገራሉ፣ የንስሐ አባታችሁ ይናገራሉ፣ አንቺማ ሁለት ገጽ ሞልተሻል። በግልጽ ባትጽፊውም የተመታችው እህትሽ ግን ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ የተናገረችው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እርሱም ስለ ጆሮዋ ነው። መመለስ ትፈልጋለች ወይስ አትፈልግም? ከእናንተ መካከል የጠየቃት አለ?

እንዲያው እናትሽ ብቻቸውን እንዳልሆኑ እንድታውቂው ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን በአንድ ወይም በሌላ ምክንያት ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ሲሆኑ ወንዶቹ 28 በመቶ ነበሩ። ሴቶቹ ከወንዶቹ በእጥፍ በልጠዋል! ይህን ቁጥር መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ስሕተት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን አይመስለኝም። መመታቱ ተገቢ ካልነበረ ያሳለፍነው ዘመን ሁሉ ምን ሊባል ነው? ይህን ጥያቄ ተቀምጦ ለመመለስ የሚችል ጉልበት ያላት ሴት ጥቂት ናት። ጀበና መጣድ ይቀላል።

ወደ ሽማግሌዎቹ እንምጣ። እኔ ሽምግልናን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ አባቴ ሽማግሌ ነበሩ፤ ስንት የደም ነገር ሲያበርዱ አይቻለሁ። ስለዚህም ነው በስሙ ሲነገድበት የምቆጣው። ሥርዓቱ ያለው ሽምግልና ተበዳይን አስቀድሞ ይሰማል፤ በዳይ ጥፋቱን በአፉ ያምናል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ደግሞ እንዳይነካት ዋስ ይጠራል። በዳዩ «መታሁ» ሳይል፣ ዋስ ሳይጠራ፣ ሴትዮዋን ልብስ አልብሶ መሸኘት ሽምግልና ሳይሆን ዕቃ ማስረከብ ነው። እሑድ የሚመጡት ሰዎች የትኛውን ይዘው እንደሚመጡ ቁጭ ከማለታቸው በፊት መጠየቅ ይቻላል፤ ለመጠየቅም አፍን መክፈት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሂጂ። እናቴ «እናትሽ አይደለሁም» ብትለኝስ ብለሽ አትፍሪ፤ ይህን የሚል እናት ብዙ ነው፤ የሚፈጽመው ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን ከእህትሽ ቀድመሽ አትናገሪ። እርሷ ተናግራ ስትጨርስ፣ ድምፅ ካጠራት ደግሞ ያለችውን ሳታጎድዪ ሳትጨምሪ አድርሺላት፤ በዚህ ጊዜ አንድም ቃል እንዳይቀር።

የንስሐ አባታችሁን በተመለከተ፣ በአክብሮት የሚጠየቁት ጥያቄ አለ። እህትሽ ካልታረቀች አላቆርባትም ብለዋል፤ እጁን ያነሣው ሰውስ እስከ ዛሬ እንዲቆርብ ተፈቅዶለታልን? ቤተ ክርስቲያናችን ኃጢአተኛን የምትቀበልበት መንገድ ግልጽ ነው፤ መጸጸት አለ፣ መናዘዝ አለ፣ ቀኖና መቀበል አለ፣ ከዚያ በኋላ ነው ፍትሐቱ። ጌታም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 «ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፥ ቢጸጸትም ይቅር በለው» ብሏል። መገሠጹ ቀድሞ፣ መጸጸቱ ተከትሎ፣ ይቅርታው መጨረሻ ላይ ነው የተቀመጠው። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ይቅርታውን ከተመታችው ሴት በቀጠሮ መጠየቅ እግዚአብሔር ያላዘዘውን ማዘዝ ነው። በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሹማምንት ያደረጉትም ይህንኑ ነው፤ ለእነዚያ ሴቶች ሁለት ቀን ሰጧቸው፤ ለእህትሽ እስከ እሑድ ተሰጣት። ቤተ ክርስቲያንን የሚያሰድበው ነገር የሚመታው እጅ ነው ወይስ የተመታችው አፍ? የእኔን መልስ ታውቂዋለሽ።

እስካሁን የጻፍሁት ሁሉ ከአሁኑ ነገር አይቀድምም። ያ ጆሮ ጉንፋን አይመስለኝም። በጥፊ የተመታ ጆሮ ታምቡሩ ሊቀደድ ይችላል፤ ካልታየ ሊያመረቅዝና መስማትን ሊያሳጣ ይችላል። ከእሑድ በፊት፣ ከሽማግሌ በፊት፣ ከእናትሽ ኩርፊያ በፊት እህትሽን ይዘሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። እርሷ ከፈቀደች መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ቀርባችሁ ወደ ሐኪም የሚላክ ማዘዣ አውጡ፤ ሐኪሙ የሚጽፈው ማስረጃ ነገ ለፍርድ ቤትም ለሽማግሌም የሚቀርብ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት እንደ ማንኛውም የአካል ጉዳት እንደሚያስቀጣ ደንግጓል፤ በሥጋ ወደሙ የተጋባ ሰው ከዚህ አልተለየም። ጠበቃ መክፈል የማትችል ከሆነ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያለ ክፍያ ያማክራታል። በእናትሽ ቤት መቆየት ካልተቻላት ደግሞ ያንቺ ቤት አለ። ለእኔ ስትጽፊ ስለ ቤትሽ ምንም አላነሣሽም፤ ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ከገባ አንድ አልጋ ሳይተርፍሽ አይቀርም።

አሁን የመጨረሻውን ጥያቄሽን ልመልስ፤ ደጋግሜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። እናትሽ የግሬታን ቃል ሊሉሽ ይችላሉ፤ ሳይሉሽም ሊያልፉ ይችላሉ። እኔ ራሴ ከእናቴ የጠበቅሁትን አንድ ቃል ሳልሰማ ቀብሬያቸዋለሁ፤ ስለዚህ ትድኛለሽ ብዬ አላታልልሽም፤ ቁስሉ ዝናብ ሲመጣ እንደሚያም አጥንት ነው። ሳትጠየቂ ይቅር በዪ ብዬም አላዝሽም፤ ከእህትሽ ለምን ይጠየቃል ብዬ የተቆጣሁበትን ነገር መልሼ ባንቺ ላይ አልጭንም። የማዝሽ ሌላ ነው። ከሐኪም ስትመለሱ እህትሽን ይዘሽ እናትሽ ቤት ግቢ። ፊልም አትያዢ፤ አክስትሽንም አትጥሪ። ቡናውን አንቺ አፍዪ። ከዚያ እናትሽ እየሰሙ ለእህትሽ እንዲህ በያት፦ በዚያች ሌሊት ስትደውዪልኝ ታገሺ ያልሁሽ በድዬሽ ነው፤ ይቅር በዪኝ። ያቺ ያልተረጎምሻት ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ይህችው ናት። እናትሽ ጀበና ሊጥዱ ቢነሡ ተዪያቸው። ባይነሡ ግን፣ «እኔም ተመልሻለሁ» ስላሉት ነገር ጠይቂያቸው፤ ማን እንደ መለሳቸው፣ ያን ቀን ምን ለብሰው እንደ ነበር፣ መንገድ ላይ ምን ያስቡ እንደ ነበር። መልሳቸውን ሳታቋርጪ ስሚ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዛሬ ማክሰኞ ነው። አምዱ የሚወጣው ቅዳሜ ስለ ሆነ አልጠበቅሁም፤ ይህንኑ መልስ በሰጠሽኝ አድራሻ አሁኑኑ ልኬልሻለሁ። ሐኪሙ ዘንድ ነገ ጧት ሂዱ፤ ስለ ጆሮዋም የተባላችሁትን ጻፊልኝ።